አሮጌ የጀልባ ተሳቢ፣ አረንጓዴ ታርጋና ይሉኝታ

ጀርመን አገር አሮጌ የጀልባ ተሳቢ ማግኘት አሮጌ ብስክሌት ከማግኘት ብዙም አይከብድም። ባለቤቱ አርጅቶ ወይም ጀልባውን ሸጦ፣ ተሳቢው ብቻውን ጓሮ ይቀርና በሸራ ተሸፍኖ፣ በጎማዎቹ ዙሪያ ሣር በቅሎበት ዓመታት ይቆያል። አንድ ቀን ወራሾች ጓሮውን ሲያጸዱ፣ ላንሳው ላለ ሰው በጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል። ርካሽ ነገር ሲባል ደግሞ የስደተኛው ወገናችን ጆሮ ቅርብ ነው። የሚጎትት መኪና አለ፤ መፍቻ የለመደ እጅ አለ፤ የቀረው ትንሽ ቀለምና አንድ ቅዳሜ ብቻ ይመስላል።

ይመስላል እንጂ አይደለም። በአሮጌ የጀልባ ተሳቢ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ብረቱ ውስጥ የተደበቀ ዝገት ነው፤ እሱን በመዶሻና በትዕግሥት ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ታርጋው ላይ በአረንጓዴ ቀለም በግልጽ ተጽፎ ሳለ ማንም ልብ የማይለው ነው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለመጀመሪያው ነው፤ የሚያስከስሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

እንበልና ተሳቢውን የገዛው ሰው ጊንሃይም ይኖራል፤ ተወልዶ ያደገው ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ላደገ ሰው ጀልባን ከውኃ አውጥቶ ማሳደር እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ በመሆኑ ውኃ ውስጥ ከዋለና ካደረ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለታንኳው ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ለዚህ ተሳቢ አያስፈልግም፤ ትከሻ ይበቃል። ጀልባው ሲተልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ እ.አ.አ. በ2025 ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ በከባድ ተሳቢ ላይ ተጭና፣ ወራት በፈጀ ጉዞ ባሕር ዳር ስትደርስ፣ በየከተማው ሕዝቡ እየወጣ እንደ ሙሽራ ተመልክቷታል። ከባድ ነገር በየብስ መጎተት ለአገራችን የቆየ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራቱ እ.አ.አ. ከ1867 መገባደጃ እስከ 1868 መጋቢት ነበር፤ የጎተተው የሰው ክንድ ነው፤ መንገዱም እየተጠረገ ነው የታለፈው። ያኔ ታርጋ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጊንሃይም ላይ ግን ይጠየቃል። ጊንሃይም እ.አ.አ. በ1910 ከፍራንክፈርት ጋር የተቀላቀለ የድሮ መንደር ነው፤ የመንደር ጠባዩን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተወም። (መንደሩ የሚታወቅበት «የጊንሃይም አስፓራገስ» የሚሉት 337 ሜትር የሚረዝመው ማማ እንኳ፣ ይዞታው ሲጣራ የቆመው ጎረቤት ቦከንሃይም መሬት ላይ ነው። ስሙን የወሰደችው ጊንሃይም ናት። እንዲህ ያለ ክርክር አገር ቤት ብቻ ያለ ለሚመስለው ሰው ማጽናኛ ይሆነዋል።) እ.አ.አ. በ1989 ለአበባ ኤግዚቢሽን ተብሎ በተዘጋጀው ፓርክ በኩል ኒዳ ወንዝ ያልፋል፤ ኒዳ ግን ለእግር ጉዞና ለዳክዬ እንጂ ለሞተር ጀልባ አይሆንም። ለጀልባ የሚሆነው ማይን ነው። ከጊንሃይም እስከ ማይን ደግሞ ጀልባ በ16 ቁጥር ትራም አይሄድም። ተሳቢ የግድ ይላል።

ገዢው መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ወረቀት ይጠይቅ። አገር ቤት ሊብሬ የሌለው መኪና የገዛ ሰው የደረሰበትን የማያውቅ የለም፤ እዚህም ያው ነው። የጀልባ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ እንደ መኪና ሙሉ የባለቤትነት ደብተር የለውም፤ ያለው የአገልግሎት ፈቃዱ ወረቀት ነው። ስለዚህ የተሳቢው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚመሰክረው ዋናው ነገር የሽያጭ ውል ይሆናል። በቃል «ውሰደው» ተብሎ የተወሰደ ተሳቢ ነገ ከነገ ወዲያ ጥያቄ ያስነሣል። በውሉ ላይ የሻጭና የገዢ ስምና አድራሻ፣ ቀኑ፣ ዋጋው (በነጻም ቢሆን «በነጻ» ተብሎ)፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሻንሲው ቁጥር ይጻፍ። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ በኩል ወደ ፊት ነው። በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ቁጥሩ ዝገት በልቶት የማይነበብ ከሆነ ወይም ወረቀቱ ጨርሶ ከጠፋ፣ ተሳቢውን እንደ አዲስ በባለሙያ አስመርምሮ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ ወጪው ግን ተሳቢው ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ ርካሽ የተባለው ነገር ርካሽ አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ። የጀልባ ተሳቢ ከሌላው ተሳቢ የሚለየው ሆን ተብሎ ውኃ ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው። ስለዚህ ደህና የሚባለው በዚንክ የተነከረ ነው፤ ዚንኩ ከውጭም ከውስጥም ይሸፍነዋል። ቀለም ብቻ የተቀባው ግን ከውጭ አምሮ ከውስጥ ያልቃል፤ ውኃ በቱቦው ገብቶ መውጫ ያጣና ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ተሳቢውን ከዳር እስከ ዳር በትንሽ መዶሻ እየመታ ይሰማዋል። ደህና ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል። በተለይ ብየዳ ባለባቸው ማዕዘኖች፣ አክስሉ በተያዘበት ቦታና ከመኪናው ጋር በሚገናኘው ረጅም ክንድ ሥር በደንብ መታየት አለበት። ለምርመራ ብሎ አዲስ ቀለም የቀባ ሻጭ ካጋጠመ ጥርጣሬ ይጨመር እንጂ አይቀነስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ይነገር። አገር ቤት በየጋራዡ «ይበየዳል» የሚባለው ሁሉ እዚህ አይበየድም። የመጎተቻውን ክንድ ወይም አክስሉን በራስ እጅ በይዶ መንገድ መውጣት ፈቃዱን ሊያስሰርዝ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ተሳቢው በአውራ ጎዳና ላይ ቢበጠስ የሚገድለው ከኋላ የሚመጣውን ቤተሰብ ነው። በዚንክ የተነከረ ብረት ሲበየድ ደግሞ የሚወጣው ነጭ ጭስ የሚያስጎነብስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ሳልዳቶሪዎቻችን ወተት ጠጥተው ይበይዳሉ፤ ወተቱ ለሆድ ጥሩ ነው፤ ሳንባን ግን ከዚህ ጭስ አያድንም። ዚንኩ ተፍቆ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ በሚገባ ጭምብል መሥራት አለበለዚያም ለባለሙያ መስጠት ነው።

ጎማ ሲታይ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ቆሞ የኖረ ተሳቢ ጎማው አይበላም፤ ጥርሱ አዲስ ይመስላል። ሕጉ የሚጠይቀው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ በኩል ምርመራውን ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ጎማ ቆሞም ያረጃል። በጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2309 የሚል ከሆነ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጎማ በጎኑ አጠፍ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ተሳቢ የመደበኛ ፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ 100 የተፈቀደለት ልዩ ማረጋገጫ ሲኖረው ብቻ ሲሆን፣ ለዚያ ደግሞ ጎማው ከ6 ዓመት ያነሰ መሆን አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ኩሽኔታው ነው። የጀልባ ተሳቢ በመንገድ ላይ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ትንሽ ጎማ ከመኪናው ጎማ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ይሞቃል። ባለጀልባው ወንዝ ዳር እንደ ደረሰ ሳያርፍ ተሳቢውን ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ትኩስ የነበረው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ በላስቲኩ ሥርም ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ግራሶው ከውኃው ጋር ተደባልቆ እንደ ወተት ይነጣል። በዚያ ቀን ምንም አይታይም። ተሳቢው ጓሮ ገብቶ ይከርማል፤ ኩሽኔታው በዝምታ ይዝጋል፤ በሚቀጥለው በጋ ከፍራንክፈርት ወደ ማይንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማው ከነቸርኬው ይወጣና ከባለመኪናው ቀድሞ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አንደኛ፣ ወንዝ ዳር ሲደረስ ጀልባውን እየፈቱ፣ ዕቃ እያዘጋጁ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ። ሁለተኛ፣ ተሳቢው ሲገዛ ሻጩ ምንም ይማል ምንም ኩሽኔታውን መፍታት። በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለው ወይም ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ ከተንቀሳቀሰ ሁለቱንም ወገን በአዲስ መተካት። አንዱን ጎን ብቻ ቀይሮ ገንዘብ ቆጠብሁ ማለት ብዙ አያስኬድም። አዲሱ ሲገባ ግራሶው ለውኃ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ላስቲኩም አዲስ ይሁን። ከመጀመሪያዎቹ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆም ብሎ የጎማውን መሐል በእጅ መዳሰስ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለብ ቢል ይሁን፤ እጅ የሚያስነሣ ከሆነ ጉዞው እዚያው ይቁም። የጎማውን ዳዶም ያን ጊዜ እንደገና ማጥበቅ።

ፍሬን ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ትንሽ ጀልባ የሚጭን ተሳቢ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ ከሆነ ፍሬን ላይኖረው ይችላል። ፍሬን ካለው ግን ታምቡሩ ከውኃ በኋላ ይዝጋል። የእጅ ፍሬኑን ይዞ ክረምቱን ማሳለፍ ጫማው ከታምቡሩ ጋር እንዲጣበቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በክረምት ተሳቢው የሚያዘው በጎማው ሥር በሚገባ ሽብልቅ ነው። ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን ራሱ የሚስበው ቀጭን ሽቦ ደግሞ መጎተቻው ላይ እንደ ጌጥ ተጠምጥሞ የሚቀመጥ ሳይሆን ከመኪናው ጋር የሚታሰር ነው።

መብራቱ የባሰበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። አሮጌው ተሳቢ ባለ 7 ቀዳዳ ሶኬት፣ አዲሱ መኪና ባለ 13 ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ትንሽ ማገናኛ ይሸጣል። ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት ሁሉ አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ዘጠኙ እጅ የማሳ ችግር ነው። የአዲስ አበባ ኤሌክትሪሺያን «ማሳ» የሚለውን ጀርመኑም «ማሴ» ይለዋል፤ ጣልያን ለእኛ መካኒኮች ትቶልን ከሄደው ቃል ሁሉ እዚህ ሳይተረጎም የሚያግባባው ይኸው ነው ማለት ይቻላል። (ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ ብሎ የጠየቀ ግን በምልክት ማስረዳት ይኖርበታል፤ ባለሱቁ ጣልያናዊ ካልሆነ በቀር።) የጀልባ ተሳቢ ጥሩ ዘዴ መብራቱን በሚነቀል ሳንቃ ላይ አድርጎ ከጀልባው ኋላ ማሰር ነው፤ ውኃ ከመግባቱ በፊት ተነቅሎ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ከተደረገ አምፖሉ ዕድሜ ይኖረዋል።

ጀልባው ሲጫን ሚዛኑ ይታሰብ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ጭነቱ ወደ ኋላ ያደላል፤ ኋላው የከበደ ተሳቢ ደግሞ በ70 እና በ80 ላይ እንደ ዓሣ ጅራት መወዝወዝ ይጀምራል። መጎተቻው በመኪናው ኳስ ላይ የሚያርፍበት ክብደት ከጠቅላላው ጭነት ቢያንስ 4 በመቶ መሆን አለበት፤ ከ25 ኪሎ በላይ እንዲሆን ግን ሕጉ አያስገድድም። ጣሪያው በመኪናውና በተሳቢው ላይ ተጽፏል፤ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚሠራው። ለመለካት የመታጠቢያ ቤት ሚዛንና አንድ ቁራጭ እንጨት ይበቃል። የዊንቹ ገመድ ጀልባውን ለመሳብ እንጂ አስሮ ለመጓዝ እንዳልተሠራም ይታወቅ፤ ከኋላም ከፊትም ሌላ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ተሳቢው ወደ ቲዩፍ ወይም ወደ ዴክራ ይሄዳል። አገር ቤት ቦሎ የሚባለው እዚህ ክብ ተለጣፊ ሆኖ ታርጋው ላይ ይቀመጣል፤ ለእንዲህ ያለ ተሳቢ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። መርማሪው ያልተደበቀበትን ሰው አያጉላላም፤ ጉድለቱን በወረቀት ይሰጣል፤ ባለቤቱ በአንድ ወር ውስጥ አስተካክሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ወደ ታርጋው። የጀልባ ተሳቢ የስፖርት ዕቃ ማጓጓዣ ነው ተብሎ ስለሚቆጠር የጀርመን ሕግ ከመደበኛው ምዝገባና ከመኪና ግብር ነጻ ያደርገዋል፤ ታርጋው በአረንጓዴ ፊደል ይጻፋል። ነጻነቱ ግን አንድ ሁኔታ አለው፤ ተሳቢው ለስፖርት ዕቃ ብቻ እንጂ ለሌላ ለምንም አይውልም። ጀልባ፣ የጀልባው ሞተር፣ መቅዘፊያ ይጫንበታል። ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ በርሜልና ጎማ፣ ለበዓል የሚሆን ከሰልና የድምፅ ማጉያ አይጫንበትም። ሳንቃ አንጥፎ፣ ጀልባውን አውርዶ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ» ማለት የለም።

በሕጉ አነጋገር ይህ ከዓላማ ውጭ መጠቀም ይባላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቢገኝ ግብሩ ቢያንስ ለአንድ ወር ይታሰባል፤ የመኪና ግብር የሚሰበስበው ደግሞ እ.አ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጉምሩክ ነው። የሚያሳስበው ገንዘቡ አይደለም። ከግብር ነጻ በሆነ ታርጋ ሌላ ጭነት መጫን ግብር ማጭበርበር ተብሎ ሊመረመር ይችላል፤ ነጻነቱ ሲነሣ የምዝገባና የመድን ግዴታም አብሮ ስለሚመጣ ያለ መድን መንዳት የሚባል ሌላ ክስ ሊከተል ይችላል። ይህ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ዓይነት አይደለም፤ የወንጀል ጉዳይ ነው።

ለስደተኛ ደግሞ የወንጀል ጉዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል። ከ90 ቀን ገቢ የማይበልጥ የገንዘብ ቅጣት በመሠረቱ የጀርመን ዜግነት እንደማይከለክል ሕጉ ይናገራል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ምርመራ በተከፈተበት አመልካች ላይ የዜግነት ውሳኔ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ እንዲቆይ ያው ሕግ ያዛል። ዓመታት ወረቀት ሲያጠራቅም፣ የቋንቋ ፈተና ሲፈተን፣ ቀጠሮ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ማመልከቻው በአንድ ሶፋ ምክንያት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያዳግትም።

የሚያስቆጨው የተቆጠበው ገንዘብ ማነሱ ነው። የተሳቢ ግብር በዓመት ለየ200 ኪሎው 7 ዩሮ ከ46 ሳንቲም ነው። 750 ኪሎ የሆነ ተሳቢ አራት ጊዜ ይቆጠራል፤ 30 ዩሮ አይሞላም። ስለዚህ ተሳቢውን ለጀልባም ለቤት ዕቃም ሊጠቀምበት ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው በጥቁር ታርጋ ያስመዝግበው፤ ግብሩንና የመድኑን ክፍያ ይክፈል፤ ፖሊስ ሲያስቆመውም ስለ ጭነቱ ዓይነት አይጨነቅ። በአረንጓዴ የሚያቆየውም ቢሆን መድን ድርጅቱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ተሳቢው ከመኪናው ተላቆ ብቻውን ቆሞ ሳለ ተንከባልሎ የሰው መኪና ቢገጭ ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

መንጃ ፈቃድም አለ። መደበኛው የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ያስጎትታል፤ ከዚያ የከበደም ይፈቀዳል፤ ግን የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ማለፍ የለበትም። የሚታየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጣሪያ እንጂ በዕለቱ የተጫነው አይደለም፤ ባዶውን ተሳቢ እየጎተቱም ሕግ መተላለፍ ይቻላል ማለት ነው። እ.አ.አ. ከ1999 በፊት ጀርመን አገር የድሮውን «ክላስ 3» ያወጡት አንጋፋዎቻችን ከዚህ የሰፋ መብት አላቸው፤ አሮጌው ወረቀት በካርድ ሲለወጥ መብቱ በካርዱ ጀርባ መጻፉን ይመልከቱ። በቅርቡ የመጡት ደግሞ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ መኖር ከጀመሩ ከ6 ወር በኋላ እንደማያገለግል፣ ለመለወጥም የጽሑፍና የመንገድ ፈተና እንደሚያስፈልግ ይወቁ። ያለ ተገቢው ፈቃድ የነዳ በወንጀል ይጠየቃል፤ እያወቀ መኪናውን ያዋሰውም አብሮ ይጠየቃል።

ማዋስ ከተባለ አይቀር፣ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ከማኅበረሰባችን አንድ ሰው ተሳቢ አለው ከተባለ ወሬው ከጊንሃይም ተነሥቶ በሳምንቱ ኦፈንባክ ይደርሳል። ቤት የሚቀይር ይደውላል። ለአውሮፓ የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድር ድንኳን የሚጭን ይደውላል። ቁጥሩ ከማን እንደ ተገኘ የማይታወቅ ሰው ይደውላል። «ጋሼ፣ ያቺን ተሳቢዎን ለቅዳሜ ብቻ ቢያውሱኝ፤ ዕቃው ትንሽ ነው» ይባላል። ሰውየው እምቢ ቢል ስሙ ይጠፋል፤ «ብረት ለነፈገ ነፍስ ምን ሊል ነው» ይባልበታል። ስለዚህ ያውሳል። ቅዳሜ ጠዋት በፕላተን ጎዳና ላይ፣ ድሮ የአሜሪካ ጦር ቤተሰቦች ይኖሩበት ከነበረው መንደር ፊት ለፊት፣ ሦስት ወንድማማቾች በጀልባ ተሳቢ ላይ ቁም ሣጥን ያስራሉ። መንገዱን ሁሉ አረንጓዴው ታርጋ ከኋላ እየተነበበ ይሄዳል። ከተያዘ ጥያቄው ለነጂው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱም ይፈለጋል።

ይሉኝታን በሕግ አንቀጽ ማሸነፍ ይከብዳል፤ ሌላ መንገድ መስጠት ግን ይቻላል። የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች ብዙዎቹ ጥቁር ታርጋና መድን ያለው ተሳቢ በቀን ያከራያሉ፤ ዋጋው ቤት የሚቀይረው ሰው ለረዳቶቹ ከሚያበላው ምሳ የሚበልጥ አይደለም። ባለተሳቢው «አላውስም» ከሚል ይልቅ «ተሳቢ ተከራይተህ ና፣ እኔ ራሴ መጥቼ እጭናለሁ» ቢል ወዳጅነቱም ታርጋውም ደህና ይሆናሉ። አንዳንዶች ደግሞ የታርጋውን ሥዕል በስልክ አንሥተው «እየው፣ አረንጓዴ ነው» ብለው ይልካሉ፤ ይህም ይሠራል።

የሚቀረው ማቆሚያው ነው። በጀርመን የመንገድ ሕግ ከመኪናው የተለየ ተሳቢ በሕዝብ መንገድ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆም አይችልም። ጊንሃይም ላይ ለመኪና እንኳ ቦታ በማይገኝበት ጠባብ መንገድ ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤት ቀኑን መቁጠር ይጀምራል፤ አንዳንዱ የጎማው ቫልቭ በየት በኩል እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። ጓሮ ወይም የግል ማቆሚያ የሌለው ሰው ተሳቢውን ከመግዛቱ በፊት የት እንደሚያከርመው ይወስን። በቬተራው በኩል ባዶ ጎተራቸውን ለጀልባና ለካራቫን ክረምቱን የሚያከራዩ ገበሬዎች አሉ፤ ከጥቅምት በፊት መጠየቅ ነው። ተሳቢው እዚያ ሲገባ የፊቱ ክንድ ትንሽ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ በኋላ በኩል እንዲወጣ። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ሽብልቁ ይግባ፤ የመብራቱ ሳንቃ ቤት ይግባ።